አንዷ ትርፍ ናት

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት ቤት ግድግዳ ላይ ከአባታቸው የወረሱት ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። ቤልጅግ ነው። ሰደፉ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ማንገቻው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ባለፈው ክረምት የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ሊጠይቃቸው መጥቶ ቡና ከተጠጣ በኋላ ዓይኑን ከግድግዳው መንቀል አቃተው።

«ኤሱማ፣ በዚች ጎሽ ተገድሏል የሚባለው እውነት ነው?»

«የገደሉት አባቴ ናቸው፤ ዴዴሳ ቆላ። እኔ ዝናር ተሸካሚ ነበርኩ።»

«በስንት ጥይት?»

«በሁለት። ሁለተኛዋ ለማረጋገጥ ነበረች።»

ልጁ ሳቀ። «ዛሬ ቢሆን በክላሽ አንድ ካዝና ያርከፈክፉበት ነበር።»

አዛውንቱ አልሳቁም። «ካዝናው ለማን ነው? ለጎሹ ነው ወይስ ለፍርሃትህ?»

ጥያቄው ከአንድ ሳሎን ያለፈ ነው። የትልልቅ አውሬ አዳኞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ይኸው ነው፦ ስንት ጉልበት ይበቃል?

በእኛ አገር ነገሩን ከውጅግራ መጀመር ይቻላል። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ይህ ጠመንጃ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም እርሳስ ነበር። ዓድዋ ላይ የዋለው እሱ ነው፤ አውሬም ታድኖበታል። ጉድለቱ የባሩዱ ጭስ ነው። አዳኙ ከተኮሰ በኋላ ጭሱ እስኪገፈፍ ድረስ አውሬው ወድቆ ይሁን ወደ እሱ እየመጣ ማየት አይችልም። ጭስ አልባ ባሩድ ሲመጣ ለበን፣ ምንሽርና ማውዘር ተከተሉ። አፈሙዙ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ጠበበ፣ አረሩ ቀለለ፣ ፍጥነቱ ግን በብዙ ጨመረ።

ይሁንና 8 ሚሊ ሜትር የተሠራው ሰው ለሚዋጋበት ጦር ሜዳ ነው። ጎሽ ሌላ ነገር ነው። ልቡና ሳንባው ከወፍራም የትከሻ ጡንቻና ከሰፋፊ የጎድን አጥንት በስተጀርባ ነው ያለው። ይህን ክፍተት የሞላው ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ተራውን ማውዘር ሳይለውጥ 9.3 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስ አደረገው። አረሩ 18.5 ግራም፣ ጉልበቱ 4,800 ጁል ገደማ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ የእንግሊዝ ጠመንጃ መግዛት ያልቻለ በአፍሪካ የሚኖር ጀርመናዊ ገበሬ በርካሽ ዋጋ የጎሽና የዝሆን መሣሪያ አገኘ። በ1912 ደግሞ የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 375 የሚባለውን ጥይት አወጣ፤ አረሩ 19 ግራም ተኩል ያህል፣ ጉልበቱ 5,700 ጁል ገደማ። ዛሬም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ የተፈቀደው ዝቅተኛ ልክ እሱ ነው።

እነዚህ መካከለኛ ጥይቶች ከመቶ ዓመት በኋላም የሚወደዱት በጉልበት ስለሚበልጡ አይደለም። ከእነሱ በላይ የሚያገሳ ጥይት ሞልቷል። ግን እጅግ ትልቁ ጠመንጃ ትከሻን ስለሚረግጥ ተኳሹ ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አረሩም ይስታል። ትንሹ ደግሞ ቢያገኝም ጠልቆ ላይገባ ይችላል። መካከለኛው ሰው ሊሸከመው የሚችለው ርግጫ አለው፤ አረሩ ረጅምና ከባድ ስለሆነ አጥንት ሰብሮም ቀጥ ብሎ ይጓዛል። የተቀረው የተኳሹ ድርሻ ነው።

የተኳሹ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው «ካራሞጆ» የሚል ቅጽል የወጣለት ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በኩል እስከ ጋምቤላው ጊሎ ወንዝ ድረስ ዘልቆ አድኗል። በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆን የገደለ ሲሆን፣ አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነበር። ምስጢሩ የዝሆንን ጭንቅላት አስከፍቶ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ ማጥናቱ ነው። እንደ እሱ ያላጠና ሰው ግን በዚያ ጥይት ዝሆን ፊት ቢቆም የሚተርፈው በዕድል ነው። መካከለኛው ጥይት የተፈለገው ለዚህ ለተራው ሰው ነው።

አሁን ወደ ልጁ ክላሽ እንመለስ። የክላሽ አረር 8 ግራም፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል ገደማ ነው። ከአዛውንቱ ቤልጅግ ጉልበት ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። በጎሽ ላይ ሠላሳ ጥይት ማርከፍከፍ ሠላሳ ጊዜ ማቁሰል ሊሆን ይችላል። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ የሚከተለውን ይጠብቃል።

ድሮ ንጹህ ነበር ማለት ግን አይደለም። የነቀምቴው ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ከገበሩት ውስጥ ከወርቁ ቀጥሎ የዝሆን ጥርስ ነበረበት፤ ያ ጥርስ ከሬሳ ላይ የተነቀለ ነው። የገደለ ሰው ጌራርሳ ይላል፣ ቅቤ ይቀባል፣ በአደባባይ ይከበራል። አውሬውን ያስተረፈው የአዳኙ ርኅራኄ ሳይሆን የጥይቱ ውድነት ነው። በአንዳንድ የኢትዮጵያ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር ኖሯል። ገንዘቡን በከንቱ የሚበትን ሰው የለም። ቁጥቡነቱ ከድህነት ተወልዶ ቆይቶ ክብር ሆነ፤ በአንድ ጥይት የጣለ ይወደሳል፣ አሥር የተኮሰ ይሳቅበታል።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽ በየመንደሩ ገባ፤ ጥይትም ተትረፈረፈ። ኢትዮጵያ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዝሆኖቿ 90 በመቶ ያህሉን እንዳጣች ይገመታል። እርሻና ሰፈራም ድርሻ አላቸው፤ ግን ርካሽ ጥይት ያለ ጥርጥር አንዱ ምክንያት ነው። የጎሽና የጉማሬ መኖሪያ የሆነው የቄለም ወለጋው ዳቲ ወለል ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ አውሬ ማደን ክልክል ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ደግሞ ያለ ፈቃድ ጠመንጃ መያዝ ያስጠይቃል።

ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም፣ በወለጋ ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ጠመንጃ ያለበት ቤት እንቅልፍ የለውም። አንዱ «ለምን ያዝክ?» ይላል፤ ሌላው «ለምን አልሰጠኸኝም?» ይላል። ልጁ «ለእኔ ያውርሱኝ» ብሎ ለምኖ ነበር። አዛውንቱ አንድ ሌሊት አስበው እምቢ አሉ። «ያወረስኩህ መስሎህ የምትወስደው ጠብ ነው» አሉት።

ጠዋት ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልለው አብረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ጸሐፊው ወጣት ነው። አገላብጦ አየው፣ ቁጥሩን መዘገበ።

«ጥይትስ አባባ?»

«ሦስት።»

«ሌላ የለም? ሦስት ጥይት ምን ይሆናል ብለው ነው ያስቀመጡት?»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጥፈው ትከሻቸው ላይ መለሱ።

«ልጄ፣ አንዷ እንኳ ትርፍ ናት» አሉት።