መጠይቁን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሌላ ሰው አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። ኑዛዜ በሉት፣ ምክር በሉት፣ እንደፈለጋችሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትፍረዱብኝ።

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነበረች። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለትን ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ የቀረሁ፣ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ታላቅ ወንድሟ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ስታጠና ሳያት ደስ ይለኛል… ግን ደግሞ አንድ ነገር ሆዴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ወንድም በእህቱ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይቀናል!

የመጨረሻው ዓመት ላይ «የጥናት ዘዴ» የሚሉት ትምህርት መጣባት። እናታችን «ልጄ፣ መርፌ መውጋት የምትማሪው መቼ ነው?» ትላታለች። እሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከቁጥር ጋር ትታገላለች። የመመረቂያ ጥናቷ ርዕስ ምን መሰላችሁ? በአንድ የከተማ ዳር ሰፈር የሚኖሩ እናቶች እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ ወይስ አይታጠቡም?

ሳቅኩባት። «ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው? እኔን ብትጠይቂኝ በነጻ እነግርሽ ነበር!»

«እስቲ ንገረኛ» አለችኝ። «ከመቶው ስንቱ ይታጠባል?»

ዝም አልኩ።

«አየህ ወንድም ጋሼ፣ ሁላችንም የምናውቅ ይመስለናል። ስንት ሲባል ግን ዝም ነው።»

ከዚያ ስለ አንድ ሃንጋሪያዊ ሐኪም አጫወተችኝ። ሴመልቫይስ ይባላል። በቪየና ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል እናቶች በትኩሳት ይረግፋሉ፤ አዋላጆቹ በሚሠሩበት ክፍል ግን የሚሞቱት በጣም ያነሱ ናቸው። ሰውየው የሁለቱንም ክፍሎች ሟቾች ቆጠረ፣ አነጻጸረ። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እንደሚያዋልዱ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሞቹ ክሎሪን ባለው ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ወር ከመቶ እናቶች 18 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በጁን ወደ 2 ወረደ። ያኔ ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ሰውየው በእጁ የነበረው ያልተጭበረበረ ቆጠራ ብቻ ነው።

ይቺን «ያልተጭበረበረ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እህቴ መጠየቅ ያለባት 422 እናቶችን ነበር። «ለምን 400 አይሆንም?» አልኳት። አስረዳችኝ። ስንቱ እንደሚታጠብ አስቀድሞ ካልታወቀ ግማሽ ያህሉ ነው ተብሎ ይያዛል፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ነውና። ስህተቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥና 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ከተፈለገ ሒሳቡ 384 ይመጣል። እምቢ የሚልና የማይገኝ ሰው አይጠፋምና 10 በመቶ ሲጨመርበት 422! «ወጥ ስትቀምስ ድስቱን ሙሉ ትበላለህ እንዴ? በደንብ ካማሰልከው አንድ ማንኪያ ይበቃል» አለችኝ። ማማሰሉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቤት በዕጣ ይወጣል፤ ከዚያ በየ5ኛው ቤት ይኬዳል። በሩ ክፍት የሆነውን፣ ውሻ የሌለበትን፣ ቡና የሚፈላበትን መምረጥ የለም። ቤቱ ከተዘጋ ሌላ ቀን ተመልሶ ማንኳኳት ነው።

ሥራው ለሷና ለጓደኛዋ ብቻ በዛባቸው። «አግዘኝ፣ ምሳና ትራንስፖርት እችልሃለሁ» አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አሠለጠነችኝ። ድርሻዬ 120 ቤት ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በሐቅ ሠራሁ። 50 ሞላሁ። በአራተኛው ቀን ምን ልበላችሁ… ዝናቡ ዶፍ ነው፣ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ አንዷ ሴትዮ «ትናንትም መጥታችሁ ነበር፣ አሁንስ በዛ!» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ንዴቴ መጣ። እሷ በምትመረቅበት እኔ ጭቃ የምረግጠው ምን ስለሆንኩ ነው? አልኩ። መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገባሁ። ሻይ በዝንጅብል አዘዝኩ፣ እስክሪብቶዬን አወጣሁ… 22 እናቶችን ፈጠርኩ! ዕድሜ ሰጠኋቸው፣ ልጆች ሰጠኋቸው፣ ሳሙናና ውሃ ሰጠኋቸው። እንዲያውም ቸር ሆንኩ፤ ሁሉንም ንጹሕ አደረግኳቸው። አራዳ ነኝ ባይ፣ ሁለት ዓይነት እስክሪብቶ ተጠቅሜያለሁ።

በማግስቱ ማታ እህቴ 72ቱን ወረቀት አልጋ ላይ ዘርግታ ጠራችኝ። «እነዚህ የቅዳሜዎቹ እናቶች ዕድሜያቸውን እንዴት እንዲህ አጥርተው አወቁት?» አለች። አየሁት፦ 27፣ 33፣ 41፣ 38፣ 29፣ 46… ከዚያ በፊት የሞላኋቸውን አሳየችኝ፦ 30፣ 35፣ 40፣ 25፣ 40። «የኛ ሰው ዕድሜህ ስንት ነው ሲሉት ብዙውን ጊዜ በ5 ወይም በ0 ይጨርሰዋል። በሕዝብ ቆጠራ ሳይቀር የታወቀ ነገር ነው። ውሸታም ግን እውነት ለማስመሰል 5ንና 0ን ይሸሻል። ደግሞስ አንዲት እናት እንኳን ‹አላውቅም› አላለችም፤ አንዲት እንኳን እምቢ አላለችም። የት ነው የተሞሉት?»

መጀመሪያ ካድኩ። ኋላ ተናዘዝኩ። ትጮህብኛለች ስል አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታ ከጩኸት የባሰ ነበር።

«ማን ያውቅብሻል? 22ቱን ብቻ አውጥተሽ ጣይ» አልኳት። እሷ ግን ጠዋት ለአማካሪ መምህሯ ሄዳ ነገረችው። መምህሩ ቆራጥ ሰው ነው። «ወንድምሽ የሞላው በሙሉ ይጣል። 50ው እውነት መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?» አላት። መከላከያዋ ሊደርስ 12 ቀን ቀርቶታል። ለሁለተኛ ዙር ትራንስፖርት እናታችን ከእቁብ ብሯ አበደረቻት። እናቴ ምክንያቱን ስትጠይቅ እህቴ «ዝናብ ወረቀቱን አበላሸብኝ» ነበር ያለችው። ሸፈነችልኝ! ለጥናቷ አልዋሽም ያለች ልጅ ለኔ ዋሸች። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

በድጋሚ ስትዞር ጃንጥላና ቦርሳ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኳት፤ መጠየቅ ተከልክያለሁ። ከተዘለሉት 22 ቤቶች በአንዱ ገባን። እኔ በወረቀቴ ላይ ያችን ቤት «33 ዓመት፣ ውሃ አለ፣ ሳሙና አለ፣ ሁልጊዜ ትታጠባለች» ብያት ነበር። እውነተኛዋ እናት ሕፃን ታቅፋ ወጣች። እህቴ መጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀች። «ካልፈለጉ መተው ይችላሉ፤ ስምዎ አይጻፍም፤ መሐል ላይ ቢያቋርጡም ማንም አይቀየምዎትም» አለቻቸው።

«ዕድሜዬማ ወደ አርባ ይሆናል» አሉ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ውሃ በሳምንት አንዴ ብትመጣ ነው። በሌላው ቀን በጀሪካን ይገዛል። አንዷ ሳሙና ለሁለት ተቆርጣ ግማሹ ለልብስ፣ ግማሹ ለልጆቹ ገላ ናት። «እኔማ እጄን በውሃ ለቅለቅ ነው፤ ልዋሽሽ እንዴ ልጄ?» አሉ። እህቴ ፊቷ አልተለወጠም። «ኧረ!» አላለች፣ «ጎበዝ» አላለች። ኋላ ስጠይቃት «ፊቴ ከተለወጠ ቀጣዩን መልስ ለኔ ደስ እንዲለኝ ብለው ነው የሚነግሩኝ» አለችኝ። ከዚያ «የሚታጠቡበትን ቦታ ሊያሳዩኝ ይችላሉ?» ብላ ሄዳ በዓይኗ አየች። ሰው እታጠባለሁ ማለት ይቀለዋል፤ ሳሙናው ቦታው ላይ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው። በጥናቷም መጨረሻ እታጠባለሁ ያሉትና ሳሙናቸው የተገኘው ቁጥራቸው ለየቅል ሆኖ ነው የተገኘው።

ልንወጣ ስንል ሴትዮዋ «ታዲያ ይሄን የውሃውን ነገር ለሚመለከተው ትነግሩልናላችሁ?» አሉ።

እህቴም «ውሃ አመጣለሁ ብዬ አልዋሽዎትም፤ የነገሩኝን ግን እንዳለ እጽፈዋለሁ» አለቻቸው።

አያችሁ አንባብያን? በኔ ወረቀት ላይ እኚህ እናት ውሃ ነበራቸው፣ ሳሙና ነበራቸው፣ ችግር አልነበረባቸውም። የኔ ወረቀት ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ያን ሪፖርት ያነበበ ሁሉ «ሰፈሩ ደህና ነው» ብሎ ያልፍ ነበር። ሻይ በዝንጅብል እየጠጣሁ የሰው ጥማት ሰረዝኩ ማለት ነው።

እህቴ በመጨረሻው ቀን ተከላከለች። የጥናቷን ጉድለት ስትዘረዝር የ72ቱን ወረቀት ታሪክ ደብቃ አላለፈችም፤ ስሜን ብቻ ተወችው። ዛሬ ተመርቃ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የእናቴን እቁብ ከጽሑፍ ክፍያዬ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ምክንያቱንም ነግሬያታለሁ።

ተማሪ የሆናችሁ፣ «የጥናት ዘዴ» ደረቅ ትምህርት ነው፣ ለነጥብ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ራስን ከራስ ውሸት መጠበቂያ ትምህርት ነው። በአበል መረጃ የምትሰበስቡም፣ ከደከማችሁ «ደከመኝ፣ 50 ብቻ ነው የሠራሁት» በሉ። ጎዶሎ ወረቀት ይታረማል፤ የሐሰቱ ግን እውነተኛውንም ይዞ ይጠፋል። በራችሁ የሚንኳኳባችሁ ደግሞ ካልፈለጋችሁ እምቢ ማለት መብታችሁ ነው፤ እሺ ካላችሁ ግን እንደኚያ እናት «ልዋሽሽ እንዴ?» ብላችሁ እውነቱን ንገሩ።

እኔም ያን ቀን ያልሞላሁትን ዛሬ ሞላሁት። ቸር እንሰንብት!