ሁለቱ ጀሪካኖች

መኪና የገዛሁት ለኩራት አልነበረም። ጠዋት ደሴ፣ ከዙህር በኋላ ደግሞ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። በሚኒባስ ሰልፍ ደረስ ሲጠብቀኝ መዋሉ ቢያሳፍረኝ ተበዳድሬ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ገዛሁ። ሻጩ «ምንም የላትም፣ ወላሂ» አለኝ። ከኋላዋ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጨምሮ ሲሰጠኝ ስጦታ መስሎኝ ዱዓ አደረግኩለት።

በሦስተኛው ቀን የኮምቦልቻን ዳገት ስወጣ የሙቀት መለኪያዋ ቀይ ነካ፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳየኝ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አምቆ ካልያዘ ዳገቱ አይወጣም። ክዳኑም የላላ ነበር። የጀሪካኖቹ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ፤ ጓርኒሲዮኑም ተቀየረ። ግን አንድ ጊዜ በሙቀት የተጣመመ አሉሚኒየም አመሉን አይተውም። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖርን። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ መለኪያውን ትጠብቃለች፤ «አባ፣ ወጣች!» ስትል እቆማለሁ። ሞተሪኖው ሲያስቸግር ደረሶቼ «ቢስሚላህ» ብለው ይገፋሉ። (ከመግፋቱ ይልቅ የሚወዱት ኡስታዛቸው ሲያፍር ማየቱን ነው።)

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የእኔዋም አሮጊት ፈላጊ አላጣችም። ደላላው አንድ ወጣት አመጣልኝ። ሊያገባ ነው፤ ገንዘቡን ከወንድሞቹ ተበድሯል።

«ኡስታዝ፣ ጠዋት ሳትሞቅ ያያታል። እርስዎ አፍዎን ብቻ ይያዙልኝ» አለኝ ደላላው።

ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ «ለእኔስ እንዲሁ አይደል የተሸጠችልኝ?» የሚል ሐሳብ ሌሊቱን አብሮኝ አደረ። በዚያው ሳምንት ለደረሶቼ የማቀራው ስለ ሽያጭ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ጣቶቻቸው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ ስተረጉም ድምፄ ተቆረጠ። የእኔም ዐይብ ውሃ ነው።

በማግስቱ ወጣቱን «ና፣ ኮምቦልቻ ወርደን እንመለስ» አልኩት። ስንመለስ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መለኪያዋ ወጣች። አቁሜ ሁሉንም ነገርኩት። ደላላው ከኋላ ወንበር ሆኖ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ሰላምታም የመለሰልኝ ከወር በኋላ ነው።

ወጣቱ ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የራሱን መካኒክ ይዞ መጣና ከተነጋገርነው 70 ሺህ ብር ቀንሶ ወሰዳት። ከዕዳዬ ገሚሱ ሳይከፈል ቀረ፤ እኔም ወደ ሚኒባስ ሰልፌ ተመለስኩ። ሊብሬውን ሳስረክበው ጀሪካኖቹንም አብሬ ሰጠሁት፤ ለምን እንደሆኑ ነግሬ።