ጭሮ ላይ ማደር

ጭሮ ላይ አልጋ ማግኘት አይከብድም፤ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ካልደረሰ በቀር። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲቃረቡ ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ያጥለቀልቃታል። ከዚህ ወዲያ ያለውን የተራራ መንገድ በሌሊት ላለመንዳት ብዙው ሾፌር እዚሁ ያድራል። አዛውንትና ሕፃን የያዘ ቤተሰብም ወገቡን ማሳረፍ አለበት። ያኔ ክፍሉ በእጥፍ ይጠየቃል፤ ያጣ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ያነጋል። እኔ የደረስኩት የታኅሣሡ ንግሥ አልፎ ከተማው ረገብ ሲል ነው።

ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ነው። አዋሽን፣ አሰቦትንና ሚኤሶን በሙቀት እየተጠበስን ካለፍን በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሽቅብ ሲታጠፍ አየሩ ወዲያው ይለወጣል። ላቡ ሳይደርቅ ሹራብ ያሰኛል። የመኪና ረዳቶች ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ «አሰበ ተፈሪ» እያሉ ይጣራሉ። ጨርጨርን ያስተዳድሩ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ግዛቱን ለሌላው አርአያ ሊያደርጉት ሲነሡ ዋና ከተማው ይህች ነበረች። ሰው አይቶ እንዲማርባት የታሰበች ከተማ፣ ዛሬ አብዛኛው መንገደኛ ምሳውን በልቶ የሚያልፋት መሆኗ ያሳዝነኛል።

ያረፍኩባት ፔንሲዮን ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች፣ ክፍሎቿ ግቢውን ዙሪያውን የከበቡ ናት። ሻወሩ የጋራ ነው። ክፍሌ ውስጥ አልጋ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ነጠላ ጫማ፣ ውኃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ሌላ የለም። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ግቢው ሁሉ በጀሪካን ነው የሚኖረው። አንሶላው ግን በፀሐይ የደረቀ፣ ተስቦ የተነጠፈ ነበር። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ሳልጠይቃት ለእግሬ ሙቅ ውኃ በማንቆርቆሪያ አምጥታ «ጋሼ፣ መንገዱ ያደክማል» ብላኝ ሄደች። እንዲህ ያለ መስተንግዶ ኮከብ ባላቸው ሆቴሎች አላጋጠመኝም።

ብዙ ያሳሰበኝ መዝገቡ ነው። እንደማንኛውም ፔንሲዮን መታወቂያ ታይቶ ይመዘገባል፤ ስም፣ የመጡበት፣ የሚሄዱበት፣ የጉዞው ምክንያት። መስመሬን ስሞላ ዓይኔ ገጹ ላይ ቀረ። ከአዳማ ወደ ቁልቢ፣ «ለንግሥ»። ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ፣ «ለሕክምና»። ከገለምሶ፣ «ለንግድ»። ከወሊሶ፣ «ልጅ ለመጠየቅ»፤ ልጁ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚማር መሆን አለበት። ከላይ እስከ ታች «ለንግሥ» የሚለው በዝቷል። «ለጉብኝት» ብሎ የጻፈ አንድም ሰው የለም።

እኔ ግን እነዚህን ሰዎች ጎብኚ እላቸዋለሁ። ስለ ቱሪዝም ሲወራ ካሜራ ያንጠለጠለው የውጭ ሰው ብቻ ይታሰበናል፤ ለእሱ ሎጅ እንዲሠራ እንመኛለን። ራስ መኰንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩትን የቁልቢ ደብር ለመሳለም ስለቱን ይዞ በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ግን ይኸው ገንዘቡን ከፍሎ፣ በልቶ፣ አድሮ ይሄዳል። የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች በዓመት ሁለቴ የሚያሟሙቅ እሱ ነው። የሚያስፈልገው ንጹሕ አንሶላ፣ የሚፈስ ውኃና የሚቆለፍ በር ነው፤ ይህም ሲጓደልበት አቤት የሚልለት የለም።

የፔንሲዮኗ ባለቤት፣ ሁሉም «አዴ» የሚሏቸው ሙስሊም እናት፣ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የታኅሣሡ ንግሥ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ለጾመኞቹ የሚሆን ድስትና ጭልፋ ለብቻው ያስቀምጣሉ። ቅቤ የነካው ዕቃ አይቀላቀልም። ድስቱን ከመደርደሪያው አውርደው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ አሳዩኝ። «እንግዳ ጾሙን ከፈታብኝ እኔን አላህ ይጠይቀኛል» አሉኝ።

በማግስቱ ወደ በደሳና ገለምሶ ሄድኩ። ወሩ የቡና ለቀማ ነውና በየደጁ ጀንፈል ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ዓለም «የሐረር ቡና» ብሎ የሚገዛው እንዲህ በፀሐይ ደርቆ ነው። ገለምሶ ውስጥ አንዲት ሴት ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ ሆጃ ጋበዘችኝ፤ ጨው ጣል ተደርጎበታል፤ ሁለተኛ አስቀዳሁ። ከሰዓት በኋላ ጫት የጫኑ አይሱዙዎች በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ የሚነዱበትን ፍጥነት ላየ ግን ልቡ ይርዳል፤ እግረኛውም ሕፃኑም በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው።

ጭሮ አካባቢ ለደጋ አጋዘን የተከለለው የቁኒ ሙክታር መጠለያ አለ። ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። መናኸሪያው ላይ ስለ መጠለያው የጠየቅኳቸው ወጣቶች ስሙን ሰምተዋል፤ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ ማን እንደሚያስፈቅድ ግን አላወቁም። ከተማዋ ላይ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ሁለተኛውን እንዲጨምር የሚያደርገው እንዲህ ያለው ነገር ነበር። በየፔንሲዮኑ ግድግዳ ላይ አቅጣጫውን የሚያሳይ አንድ ወረቀት መለጠፍ ምን ያህል ያስወጣል?

ሒሳቤን ስከፍል አዴ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ በጣታቸው አሳዩኝ። ለሐምሌው ንግሥ ሁለተኛ ሮቶ ሊያስሰቅሉ ነው፤ ብሩን ከዕቁብ ያወጣሉ። «ዋጋ ይጨምራሉ?» አልኳቸው።

«ለምን ልጄ?» አሉኝ። «ውኃ ካለ ሰው ይመለሳል።»