ባህሩ እንዴት አደረ?

ባለፈው ጥር እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ ጎህ ሳይቀድ ይነሣና ስልኩን አይቶ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ በማዕበል ላይ ሊንሸራተት ይወጣል። እኔ ደግሞ እናቱን «ኧረ ተው በይው!» እያልኩ ነዘነዝኳት።

አንድ ቀን «እማማ፣ ነይና እይ» ብሎ ይዞኝ ወረደ። ስልኩ ላይ የሚያየው የማዕበሉን ቁመት፣ በሁለት ማዕበል መካከል ያለውን ሴኮንድና የነፋሱን አቅጣጫ ነው። ሴኮንዱ ሲረዝም ጉልበቱ ይበረታል። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ ማዕበሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከባህር የመጣው ይበጣጥሰዋል።

«ስልክ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከሥር ያለውን አሸዋ ወጀብ ያዛውረዋል» አለኝ። ቆሞ ውሃውን ብዙ አየ። ማዕበል የማይሰበርበት ጸጥ ያለ ቦታ አሳየኝ። እኔ ደህና ያልኩት፣ ለካ ሰውን ወደ ጥልቁ የሚጎትተው እሱ ነው! «ዛሬስ አልገባም» ብሎ ተመለሰ።

አባቴ ትዝ አሉኝ። በክረምት ወንዝ ሳያሻግሩን በፊት ቆመው የውሃውን ቀለም ያዩ ነበር። እኛ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም፣ ተራራው ላይ ከዘነበ ደራሽ ይመጣል። የባህሩም ማዕበል እንዲሁ ሩቅ በነፈሰ ነፋስ የሚነሣ ነው።

ቤቴ ከተመለስኩ ወዲህ ስደውልለት «አትሂድ» አልለውም። «ባህሩ እንዴት አደረ?» እለዋለሁ። የሚፈራውን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ፣ እኔ በደፈናው ከምፈራለት ይልቅ ራሱን ይጠብቃል።