ያልሰበሰብነው ቁርስራሽ

የንባብ ክፍል፦ ዮሐንስ 6፥1-13

ዛሬ የማካፍላችሁ የራሴን ንስሐ እንጂ ስብከት አይደለም። ስብከቱንማ ሰብኬው ነበር፤ ችግሩ የመጣው ከሰበክሁት በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ደሴ በሚገኘው አጥቢያችን የሦስት ቀን ኮንፍረንስ አዘጋጀን። ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ብዙ ወገኖች መጡ። የምግብ ኮሚቴው ሥራውን ለማቅለል ብሎ ምሳውን በሚጣል የፎም ሳህን፣ ዳቦውን በፌስታል፣ ውሃውን በሃይላንድ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀረበ። ሳህን ማጠብ የለ፣ ብርጭቆ መቁጠር የለ፤ እህቶችም ከጓዳ ወጥተው ቃሉን ይሰማሉ ተባለ። በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አጥብቀው ከደገፉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

እሑድ ከሰዓት የመዝጊያውን መልእክት ያቀረብኩት ከዮሐንስ 6 ነበር። ስለ አምስቱ የገብስ እንጀራና ስለ ሁለቱ ዓሣ፣ ስለ ተረፈውም አሥራ ሁለት መሶብ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ጉባኤው ሃሌሉያ አለ። አመሻሹ ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ቆሻሻው ከአጥሩ ጀርባ ተከመረ፤ ነገ ይነሣል ብለን ተለያየን። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። የደሴን የነሐሴ ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጦሳ ሥር ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወርደው።

ሰኞ ማለዳ ስመጣ ከቤተ ክርስቲያናችን በታች የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ዲች ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ እያለ ነው የሚጠራቸው። በአካፋ የሚዝቁት የእኛን ሳህን፣ የእኛን ሃይላንድና የእኛን ፌስታል ነበር። ከአንዱ ሳህን ላይ የኮንፍረንሱ የፕሮግራም ወረቀት ተጣብቋል።

«ሐጂ፣ እንደምን አደሩ? ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ ፓስተር። ዲቹ ተደፍኖ ውሃው እቤት ገባብን። ልጆቹን አልጋ ላይ አወጣናቸው። ጤፉን ግን አላዳንነውም።»

ግማሽ ኩንታል ጤፍ ነበር። የምናገረው ጠፍቶኝ ስቆም እሳቸው ቀና ብለው፣ «አብሽሩ ፓስተር፣ እንግዳ ሲበዛ ያጋጥማል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ዲቹ ውስጥ ገባሁ፤ ወጣቶቹን ጠራሁና እስከ እኩለ ቀን ስንለቅም ዋልን።

በዚያ ቀን እጄ በጭቃ ውስጥ ሳለ በቲኦሎጂ ኮሌጅ የተማርኩት አንድ ነገር መጣብኝ። ጌታ በዮሐንስ 6፥12 ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን የተረፈውን ቁርስራሽ እንዲያከማቹ ያዘዛቸው ምንም እንዳይጠፋ ነው። በግሪኩ እዚህ የገባው ግስ «አፖሉሚ» ነው። ሁላችን በቃላችን በምናውቀው በዮሐንስ 3፥16 ላይ ያለው ግስም ይኸው ነው። በዚሁ በምዕራፍ 6 ቁጥር 39 ላይ ጌታ አብ ከሰጠው ሁሉ አንዱንም እንዳያጠፋ ሲናገርም ዮሐንስ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችንም ነፍስ «እንዳይጠፋ» ያለውን ቃል ለቁርስራሹም ጠብቆታል።

ቁርስራሽ እንደ ነፍስ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ነፍስ እንዳይጠፋ የሚጨነቀው ጌታ ከአምስት ሺህ ሰው ግብዣ በኋላ ሣሩ ላይ የቀረውንም እንጀራ አይቶ አላለፈም። ገና ሌላ እንጀራ መፍጠር የሚችለው እርሱ ነው «ሰብስቡ» ያለው። እኔ ያንን ክፍል ስሰብክ ተአምሩ ላይ ቆሜ ትእዛዙን ዘለልኩት። አሥራ ሁለቱ መሶብ የበረከት ብዛት ማሳያ ብቻ አልነበሩም፤ የአሥራ ሁለት ሰዎች ሥራም ነበሩ። ደቀ መዛሙርቱ ጎንበስ ብለው ለቅመዋል። እኛ ግን አብልተን ሄድን።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። እናቴ ሰኞ ገበያ የምትሄደው ዘንቢሏን ይዛ ነበር። ድንቹም ሽንኩርቱም ጎመኑም እዚያው ይገባል፤ ቅቤ በኮባ ቅጠል፣ ስኳርና ቡና በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ ለዘይት ጠርሙስ ከቤት ይሄዳል። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ወደ ቤት ለቤት ጸሎት ስትሄድ መጽሐፍ ቅዱሷን ከዘንቢሉ ሥር አድርጋ ድንች ታለብሰው ነበር። ያ ዘንቢል ስንት ዓመት እንዳገለገለ አላውቅም፤ እጀታው ሲበጠስ በገመድ እየተሠራ እኔ አሥረኛ ክፍል እስክደርስ ነበረ።

ባለፈው ጊዜ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄጄ ልጄ ወደ አንድ ሱፐርማርኬት ወሰደችኝ። አራት ቃሪያ በፎም ሰሐን ላይ ተደርድሮ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሙዝም እንዲሁ። ሙዝን ፈጣሪ ራሱ ጠቅልሎ የሰጠን መስሎኝ ነበር! ብርቱካንም ልባሱን ይዞ ነው የሚወለደው። ከፋዩ ጋ ስንደርስ ደግሞ የተጠቀለለው ሁሉ ሌላ ፌስታል ውስጥ ገባ። ማሸጊያ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። መድኃኒት፣ የሕፃናት ወተት፣ ከሩቅ የሚመጣ ምግብ ሳይበላሽ የሚደርሰው በማሸጊያ ነው፤ ምግብ ከሚበሰብስ ቢታሸግ ይሻላል። ቃሪያ ግን ከመሶብ እስከ መሶብ ምን ያህል ይሄዳል? አሥር ደቂቃ ለማያገለግል ነገር ከእኔ ዕድሜ በላይ የሚቆይ ልብስ እናለብሰዋለን።

ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? የደሴ ቆሻሻ በጎርፍ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከና የሐረጎን ቁልቁለት ይዞ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያ በጨፋ ሜዳና በከሚሴ በኩል አድርጎ ወደ አዋሽ ያመራል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር ከሐይቆች ገብቶ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ «ወንዝ ይወስደዋል» ስንል ከራሳችን ጓዳ ወደ ራሳችን ሳሎን ማዛወራችን ነው። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወንድማችን ከወንዙ ዳር የምትግጥ ላሙ መብላት አቆመች፤ ከሳች፤ በመጨረሻ ታረደች። ጨጓራዋ ሲከፈት እርስ በርሱ ተጠምጥሞ እንደ ኳስ የጠነከረ ፌስታል ወጣ። ወንድማችን፣ «ፓስተር፣ ጠግባ ነው የተራበችው» አለኝ። ከደሴ ይሁን ከኮምቦልቻ የመጣ ማን ያውቃል? እኔ ግን የነሐሴውን ክምር አሰብኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ኮንፍረንሱ ሲደርስ ወደ ሐጂ ሄድኩ። የጤፉን ዋጋ ቀደም ብለን ብዙ ለምነናቸው ተቀብለውን ነበር። እሳቸው የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ቅሬው ደግሞ የብረት ሳህንና ኩባያ አለው። እንዲያውሱን ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ሥጋ ካልነካው ውሰዱት» አሉ። ወሎ ላይ እርዱ ለየብቻ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ሦስቱንም ቀን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን አቀረብን። አንዳንድ ወገኖች «ኮንፍረንስ ያለ ሥጋ!» ብለው አጉረመረሙ። እህቶች ብቻ ጓዳ እንዳይቀሩ ደግሞ እጣቢው ለወንዶች ተሰጠ፤ እኔም አንድ ቀን ደርሶኝ አጥቤአለሁ። ውሃው በጀሪካን ቀረበ። ሳህኑን ቆጥረን ስንመልስ ሐጂ እያገላበጡ አዩትና፣ «ከወሰዳችሁት በላይ ጸድቷል» አሉ። በዚህ ሰፈር ስለ ጌታ ብዙ ተናግረናል፤ የታጠበ ሳህን ያህል የተሰማልን ግን ጥቂት ነው።

አገራችንም በዚህ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ገበያችን ግን አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ግን ፌስታልን ጨርሶ የሚከለክል ነው፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያም በ2017 ከልክለዋል። ዜናውን ስሰማ ደስ ብሎኝ እሑድ በማስታወቂያ ሰዓት ተናገርኩ።

ከጉባኤው በኋላ አንዲት እህት ጠበቀችኝ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ገበያ ላይ ፌስታል እየቸረቸረች ነው። «ፓስተር፣ እናንተ ፍጥረት ይጠበቅ ስትሉ እኔን ማን ይጠብቀኝ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዲያቆናቱ ተነጋግረው ከማዳበሪያ የሚሰፋ ከረጢትና ዘንቢል የምትሸጥበት ትንሽ መነሻ ገንዘብ ሰጧት። እየሠራች ነው። ነገር ግን ፌስታል በየቀኑ ይገዛል፤ ዘንቢል የገዛ ሰው ለዓመታት አይመለስም። ገቢዋ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ይህንንም ደብቄ ይህን ጽሑፍ ማሳመር አልፈልግም። ጌታ «እንዳይጠፋ» ያለው ለቁርስራሹ ከሆነ ለእርሷማ ምን ያህል! ስለዚህ ዘንቢል ግዙ ብቻ አልላችሁም፤ በየአጥቢያችሁ ከፌስታል ንግድ የሚኖረው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ዘንቢሉንም ከእርሱ ግዙ።

እኔ ራሴ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ እረሳለሁ። ዘንቢሉን ቤት ትቼ ገበያ ገብቼ ቲማቲሙን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ተመልሻለሁ፤ ባለቤቴም ስቃብኛለች። ነሐሴ በመጣ ቁጥር ግን የሐጂ አብሽሩ ይታወሰኛል፤ ከጸሎት በፊት ወጥቼ ዲቹን አያለሁ።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ አጥግበኸን ስናበቃ የተረፈውን ረግጠን በሄድንበት ጊዜ ሁሉ ይቅር በለን። በእኛ ምክንያት ጤፉ የረጠበበትን ጎረቤት፣ እንጀራዋ የቀነሰባትን እህት አስበን። ጎንበስ ብለን የምንለቅምበትን ትሕትና ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።