ማርሚታው የጎረቤት ነው

ሞተሩ ባለቤቱን ይወስዳል፤ ፍሬኑ ባለቤቱን ያድናል፤ ወንበሩ ባለቤቱን ያሳርፋል። ማርሚታው ግን በአመዛኙ የሚሠራው ለሌላ ሰው ነው፦ በራፍ ላይ ፀሐይ ለሚሞቁ አረጋዊ፣ በእንቅልፍ ላይ ላለ ሕፃን፣ ከኋላ በእግሩ ለሚመጣ መንገደኛ። መጨረሻ የሚታደሰውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጎማ ሲያልቅ በሳምንቱ ይቀየራል። የተበሳ ማርሚታ ግን ለወራት ሰፈር ሲያስጮህ ይከርማል።

፠

በቅዳሜ ቀን በግቢ ውስጥ ሊሠሩ ከሚችሉ የመኪና ሥራዎች አንዱ ማርሚታ መቀየር ነው። ሞተር መፍታት አይጠይቅም። እንደ አሮጌዋ ኮሮላ ባለች መኪና ላይ ሥራው ጥቂት ብሎኖች፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ የላስቲክ ማንጠልጠያዎችና ትዕግሥት ነው። ዕቃውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ከመኪናው ሥር አንድ ጊዜ የተኛ ሰው ግን ከዚያ በኋላ መኪናውን በሌላ ዓይን ያያል፤ ከላይ የሚወለወለው ቀለም ከሥር ምን እንደሸፈነ ያውቃልና።

፠

ማርሚታን የሚበላው የክረምት ዝናብ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ዋናው ውሃ ግን ከውስጥ ይመጣል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ጠዋት ከጭስ ማውጫው ቱቦ ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። መኪናው ረጅም መንገድ ሲሄድ ቱቦው ይግልና ውሃው በእንፋሎት ይወጣል። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ ብቻ የሚመላለስ መኪና ግን ከሞተሩ ርቆ የተንጠለጠለው የኋላ ማርሚታው በቅጡ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል። ውሃው እዚያው ይተኛል፤ ብረቱንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ስለዚህ ጥቂት የሚነዳ መኪና ማርሚታው ብዙ ይቆያል ማለት አይደለም።

፠

ከሰል አቀጣጥሎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት እንደሚገድል በአገራችን ያልሰማ የለም። ያው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከሞተርም ይወጣል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ከሰሉን የሚፈራው ሰው ግን የጭስ ቱቦው ከመኪናው ወለል ሥር ተበስቶ፣ በሐምሌ ዝናብ መስኮቱን ዘግቶ፣ ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅ ራሴን አመመኝ ሲል፣ ሲያዛጋና እንቅልፍ ሲጥለው ለድካም እንሰጠዋለን። መኪናው ውስጥ ያመመው ልጅ ወርዶ አየር ሲያገኝ ከተሻለው፣ በቅድሚያ መፈተሽ ያለበት ቱቦው ነው።

፠

የሰፈራችንን ጡረተኛ መካኒክ አንድ ቀን ከመኪና ሥር ልገባ ስል አገኙኝ። ድንጋይ ከጎማ ሥር አድርጌ፣ ክሪኩን አንሥቼ ጨርሻለሁ።

«ካቫሌቶው የታለ?» አሉኝ።

«ክሪኩ ደህና ነው ጋሼ፣ ይችለዋል።»

«ልጄ፣ ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። አንሣበት፤ ከዚያ በካቫሌቶ አስቀምጠው።»

እስኪቀመጥ ድረስ ከአጠገቤ አልሄዱም። ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ ሰዎች ከመኪና ሥር ሲገቡ የሚያሳዩትን ጥንቃቄ ጀማሪ ያሳየዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ እነሱ የወደቀ መኪና አይተዋል። በጡብና በጉቶ ላይ መኪና አስቀምጦ ሥሩ መግባት በየሰፈሩ እስካሁን አለ። ጡብ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቀው።

፠

የዛገ ብሎን ጉልበትን አይፈራም። አስጨንቀው ሲያዞሩት ይቆረጥና ግማሹን ውስጥ ያስቀራል። የሚያሸንፈው ጊዜ ነው፦ ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አርከፍክፎ ማሳደር፣ ጠዋት ደግሞ መጨመር፣ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያሉ ማላመድ። እምቢ ካለ ዳዶውን በሴጌቶ መቁረጥ ያዋጣል፤ ምትኩ ርካሽ ነው። እሳት ግን ቦታ ይመርጣል። በብዙ መኪኖች የነዳጅ ታንከሩ ከኋላው ማርሚታ አጠገብ ነው፤ የፍሬን ቱቦም በዚያው ያልፋል። ብየዳ የሚያስፈልገው ዕቃ ወርዶ፣ ከመኪናው ርቆ ይበየድ። ከመኪናው ሳይወርድ የሚበየድ ከሆነ ደግሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታ። መነጽር ሳያደርጉ ከሥር ተኝቶ ዝገት መምታትም ዓይንን ለዝገት መስጠት ነው።

፠

የተፈታ አሮጌ ቱቦ ሳይጣል በፊት መነበብ አለበት። ጫፉ ላይ የደረቀ ጥቁር ጥላሸት ከበዛ ሞተሩ ቤንዚን ያበዛል። ጥላሸቱ ቅባትነት ካለው ዘይት ያቃጥላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ያልጠፋ ነጭ ጭስ ከነበረ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ አየሩ አንሶት ቤንዚኑ ይበዛበታል። ስለዚህ በአሮጌዎቹ መኪኖች ቱቦ ውስጥ ጥላሸቱ ሲደራረብ ማየት የተለመደ ነው። ማርሚታ ብቻ ቀይሮ ካርቡሬተሩን አለማስተካከል አዲሱን ቱቦ ለአሮጌው ጥላሸት ማስረከብ ነው።

፠

ጀማሪ የመጀመሪያውን ብሎን እስከ መጨረሻው ያጠብቃል። ከዚያ ቱቦው ከወለሉ ጋር ይጋጫል፤ ሌላው ጫፍ አልደርስ ይላል፤ ላስቲኩ ይወጠራል። የሚያውቅ ሰው ሁሉን ላላ አድርጎ ያንጠለጥላል፤ ያስተካክላል፤ ከዚያ ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እያጠበቀ ይሄዳል። አሮጌውን ጓርኒሲዮን አይመልስም፤ አንዴ የተጨፈለቀ ጓርኒሲዮን ሁለተኛ አይገጥምም። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሥቶ የቱቦውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሲይዝ፣ መጋጠሚያው ከፈሰሰ «ፍስስ» ሲል ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከአዲሱ ብረት ላይ የሚነሣው ጭስ አያስደንግጥ፤ የፋብሪካው ቅባት እየተቃጠለ ነው።

፠

ከማርሚታው ወደ ሞተሩ ሲጠጉ ሌላ ቆርቆሮ አለ፤ ካታላይዘር ይባላል። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው፤ በላዩም ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ሲግል መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያልተቃጠለውን ቤንዚንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ናይትሮጅን ይለውጣል። መንገዱን የጀመረው ፈረንሳያዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ግን ሥራውን ያበላሸው ነበር። ሁድሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሞት ፈጠራው ገና መንገድ ላይ አልወጣም ነበር፤ በአሜሪካ መኪኖች ላይ በስፋት የገባው በ1975 ሞዴሎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ ከ20,000 ዶላር አልፎ ነበር። በዚያ ሰሞን በአሜሪካ ከተሞች ሌቦች ሌሊት ከመኪና ሥር ገብተው ካታላይዘር እየቆረጡ ይወስዱ ነበር፤ ፕሪየስ በተለይ ይፈለግ ነበርና ታክሲና ኡበር የሚያሽከረክሩ ወገኖቻችን ነገሩን በደንብ ያውቁታል። እዚያ ሌባ በጨለማ የሚቆርጠውን እዚህ ባለቤቱ በጠራራ ፀሐይ ከፍሎ ያስወጣዋል። «መኪናው ይቀልለዋል» ይባላል። የተደፈነ ካታላይዘር በእርግጥ ሞተር ያንቃል። የሚደፍነው ግን ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ዘይትና የበዛ ቤንዚን ስለሆነ መታከም ያለበት ሞተሩ ነው። ባዶ ቱቦ ሲተካበት ሞተሩ ይተነፍስ ይሆናል፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን የሚተነፍሰው ያልተጣራውን ነው።

፠

የጭስ ማውጫ ጫፍ ከመሬት ብዙም አይርቅም። በዚያ ቁመት ማን እንዳለ በአስፋልት ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል፦ በቆሎ የሚጠብሱት እናት፣ ሊስትሮው፣ ጀርባ ላይ የታዘለው ሕፃን፣ በዊልቸር የሚሄደው ሰው። ነጂው ከፍ ብሎ፣ መስኮት ዘግቶ ተቀምጧል። መኪና የሌላቸው ሰዎች የሌላውን መኪና ጭስ ይስባሉ። ይህ ከፍትሕ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው፤ በማርሚታ ዋጋ ብቻ ልንመዝነው አይገባም።

፠

ማርሚታን ቆርጦ ማስጮህ ጉልበት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። ማርሚታ ውስጥ ያለውን ሥራ ቢያዩት ያደንቁት ነበር። የተበሱ ቱቦዎችና የተለያየ መጠን ያላቸው ክፍሎች አሉት። የድምፁ ሞገድ ወደ ክፍሎቹ ገብቶ ይመለሳል፤ ተመላሹ ከመጪው ጋር ሲገናኝ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ድምፅን በድምፅ ማጥፋት ትልቅ ዕውቀት ነው። ያንን ቆርጦ መጣል ፈጣን መኪና አይሰጥም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰፈር ይሰጣል።

፠

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። የኤሌክትሪኩ መኪና ማርሚታ የለውም፤ መንገዱም የሚያስደስት ነው። ቀድሞ የገባው መኪና ግን አይጠፋም፤ ተተኪው በተወደደ ቁጥር ይበልጥ ይያዛል፣ ይበልጥ ያረጃል። የሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የከተማችን አየር የሚወሰነው በአሮጌ መኪኖች አያያዝ ነው።

፠

የቦሎ ምርመራ በዓመት አንዴ ነው። ለዚያች ቀን ብቻ ተጠግኖ፣ ተለጥፎና ተጠቅልሎ የሚቀርብ ማርሚታ መርማሪውን ሊያልፍ ይችላል። የቀረውን ዓመት መመርመር ግን የባለቤቱ ነው። መኪናዎን ጠዋት በቀዝቃዛው ያስነሡና ይውረዱ። በጎን በኩል ቆመው ይስሙ፤ ከዚያ አጥር አጠገብ ያለውን ጎረቤት ይጠይቁ። ከውስጥ ሆኖ የማይሰማውን ድምፅ እሱ ሲሰማው ኖሯል፤ ደህና ነው ካለዎት ድምፁ ደህና ነው።