የጨፌው ጅግራ የማን ነው?

በአገራችን «የመንግሥት ነው» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። በወረቀት ላይ ሲጻፍ የሁላችን ነው ማለት ነው፤ በአፍ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የማንም አይደለም፣ ቀድሞ የደረሰ ይውሰደው ማለት ይሆናል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት «አትስረቅ» የሚለውን ትእዛዝ በቃሌ አጥንቼ ነበረ። ባለቤቱ የማይታወቅ ነገር በትእዛዙ ውስጥ ይግባ ወይም ከትእዛዙ ውጭ ይቅር የነገረኝ ግን መምህሬ አልነበረም፤ አጎቴ ነው።

አጎቴ ጅግራ አዳኝ ነበረ። በ1960ዎቹ ዓመታት፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሆነ ጊዜ፣ ከቆቃ ግድብ በታች አዋሽ ተኝቶ ወደሚፈስበት ረግረግ ይዞኝ ይወርድ ነበረ። (ቆቃ የቦታ ስም ነው፤ ቆቅን እዚያ የሚፈልግ እንዳይኖር።) ጎሕ ሳይቀድ እስከ ባታችን ጭቃ ገብተን፣ ከአንድ ግራር ሥር ጀርባችንን አስደግፈን እንቀመጣለን። ከዚያ በኋላ መሳል የለም፤ ትንኝ ቢነክስም እጅ ማንሣት የለም። ጅግራ ሌሊቱን በዛፍ ላይ አድራ ሰማዩ ሲገረጣ ትወርዳለች፤ መብረርም ብትችል መሮጥን ትመርጣለች። አስቀድሞ እንደ ተሰነጠቀ ቃጭል ያለ ጩኸት ይሰማል፤ ቀጥሎ ነጭ ነጥብ የተረጨባቸው ጥቋቁር አካላት አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ወደ ውሃው ይመጣሉ። አጎቴ በጣቱ ጉልበቴን እየነካ ይቈጥራቸው ነበረ። ሁልጊዜ ሳይተኩስ በፊት ይቈጥራል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ነበረውና ሁለት ጊዜ ተኵሶ፣ ያገኘውን አንሥቶ፣ ጥይት እያለው ይመለሳል።

ሌሊት በዛፍ ላይ ያለችውን ጅግራ ግን ከቶ አይነካም ነበረ። የተኛች ጅግራ ብርሃን ሲበራባት ትደናገራለችና አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ቅርንጫፉን ሁሉ ሊያራግፍ ይችላል። በክረምትም እንቁላሏን መሬት ላይ ጥላ ስትታቀፍ ጠመንጃው ከግድግዳው አይወርድም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ካመረተው ላይ ለባለመሬት ሲያካፍል ለኖረው ጭሰኛ ይህ ታላቅ ቀን ነበረ፤ አጎቴም ደስ ብሎት ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከከተማ ባትሪ ይዘው በሌሊት ወደ ጅግራዎቹ ዛፍ የሚመጡ ሰዎች ተነሡ። «ዛሬ የሕዝብ ነው፣ እኛም ሕዝብ ነን» ይሉ ነበረ። በተከታዩ ዓመት ከዚያ ግራር ሥር ሦስት ማለዳ ተቀመጥን፤ የሰማነው የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ነው።

እኔም «አንተ ብትተዋቸውም ሌላው ጨረሳቸው፤ መታገሥህ ምን ጠቀመ?» ብዬ ጠየቅሁት። አጎቴ ጭቃውን ከጫማው እየፋቀ ጥቂት ቆየና «እኔ የምጠየቀው ስለ ሁለቱ ነው» አለኝ። መልሱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አያጠግበኝም። የአንድ ሰው ጨዋነት መንጋውን አላዳነውምና።

ሕግም ያስፈልጋል። ብዙዎቻችሁ በሥዕል የምታውቁት የአሜሪካ ትልቅ ዶሮ (የእንግሊዝኛ ስሙ መጀመሪያ ለእኛይቱ ጅግራ የተሰጠ ነበረ፤ አውሮፓውያን ሁለቱን ስላምታቱ ነው) በአደንና በደን ጭፍጨፋ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ሕግ ወጣ፤ ወፉን ከተረፈበት ደን እያጠመዱ ወደ ጠፋበት አዛወሩት፤ ዛሬ በሚሊዮን ይቈጠራል። በእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከለከለ። ሆኖም ጎሕ ሲቀድ በአዋሽ ረግረግ ውስጥ ዘበኛ የለም። ሕጉ እዚያ ድረስ የሚሄደው በአዳኙ ራስ ውስጥ ሆኖ ነው፤ አለዚያ ከነጭራሹ አይሄድም።

አሁን የምኖረው በገርጂ ነው። ቀድሞ እርሻና ጨፌ የነበረው ቦታ ሕንፃ ሞልቶበታል፤ የቀረችው በወንዙ ዳር ያለች አንዲት እርጥብ መሬት ናት። ማለዳ ማለዳ ጋጋኖዎች እየጮኹ ይወርዱባታል፣ የሰፈሩም ልጆች የላስቲክ ወንጭፍ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ባለፈው ሰሞን አንዱን «የማንን ወፍ ነው የምትመታው?» አልሁት። «ጋሼ፣ የማንም እኮ አይደለም» አለኝ በትሕትና። እንግዲያውስ ስንት እንደሆኑ ቍጠርልኝ አልሁት። በጣቱ እየጠቈመ ቈጥሮ «ዐሥራ አንድ» አለ። በማግሥቱ ሳልጠይቀው በሬን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለቱ የት ሄዱ?» አለኝ።